ከመቆጣጠሪያ ማማ እስከ ተረኛ ክፍል፦ የሬዲዮ ንግግር ታሪክና የቃል ትእዛዝ

በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከአቦምሳ ወደ አሰላ ወይም ወደ አዳማ ሪፈር የምትባልን አንዲት ነፍሰ ጡር እናት በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ አንድ ጊዜም አንቀጥቅጧታል። አዋላጅ ነርሷ ስልክ አንሥታ ለተቀባዩ ሆስፒታል ተረኛ ሐኪም ትደውልና «ማግኒዥየም ተሰጥቷታል፤ እየመጣች ነው» ትላለች። ሐኪሙም «እሺ» ብሎ ይዘጋል። ሁለቱም የየድርሻቸውን እንደ ተወጡ ያምናሉ። ነገር ግን መድኃኒቱ ስንት ግራም እንደ ሆነ፣ በደም ሥር ይሁን በጡንቻ፣ በስንት ሰዓትም እንደ ተሰጠ አልተነገረም፤ አልተጠየቀምም። «እሺ» የተባለውም «ሰማሁ» ለማለት ይሁን «ገባኝ»፣ «ተስማማሁ» ለማለት ይሁን «በይ ቀጥዪ» ለይቶ የሚያውቅ የለም። እናቲቱ ስትደርስ ከሁለት ስሕተቶች አንዱ ሊጠብቃት ይችላል። የተሰጣት መድኃኒት እንዳልተሰጣት ተቆጥሮ ይደገምባትና ትንፋሿ ይደክማል፤ ወይም ያልተሰጣት እንደ ተሰጣት ተቆጥሮ እንደ ገና ያንቀጠቅጣታል።

የቃል ትእዛዝ እንዴት እንደሚገድልና እንዴት እንደሚያድን ከሐኪሞች ቀድመው፣ ከሐኪሞችም በላይ በጥንቃቄ የመዘገቡት የአቪዬሽን ባለሙያዎች ናቸው። አቦምሳ የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያርፍባት ከተማ አይደለችም። ቢሆንም ከላይ የተጠቀሰው የስልክ ንግግር በመቆጣጠሪያ ማማና በአብራሪዎች ክፍል መካከል መቶ ዓመት ያህል ሲነገር፣ ሲሳሳትና ሲታረም ከኖረው ንግግር ጋር አንድ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያም ሕክምናና አውሮፕላን የተገናኙት ቀደም ብሎ ነው፤ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበርሩ ነበር።

የቃላቱ አመጣጥ

የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ከምድር ጋር የሚነጋገሩበት መሣሪያ አልነበራቸውም፤ በባንዲራና በመብራት ምልክት ይመሩ ነበር። በለንደን አቅራቢያ በነበረው በክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1920 የመቆጣጠሪያ ማማ ቆመ፤ ሬዲዮም ቀስ በቀስ የማማው ዋና መሣሪያ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1923 ገደማ፣ የማረፊያው ከፍተኛ የሬዲዮ ሹም የነበሩት ፍሬድሪክ ስታንሊ ሞክፎርድ አብራሪ ሲጨንቀው የሚጠራው፣ በማንም ጆሮ የማይምታታ አንድ ቃል እንዲፈልጉ ተጠየቁ። የቴሌግራፉ «ኤስ ኦ ኤስ» በድምፅ ሲነገር «ኤስ» የሚለው ፊደል በሬዲዮ ጥርት ብሎ ስለማይሰማ ለዚህ አገልግሎት አልበቃም። ከክሮይደን የሚነሡት አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ወደ ፓሪስ የሚበርሩ ስለ ነበሩ፣ ሞክፎርድ ፈረንሳዮች «እርዱኝ» ሲሉ ከሚያሰሙት ድምፅ «ሜይዴይ» የሚለውን ቃል ቀረጹ። ቃሉ በ1927 በዋሽንግተን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ስምምነት ጸደቀ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሚነገረውም ከሌላ ንግግር ጋር እንዳይቀላቀል ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1944 የዛሬው የሲቪል አቪዬሽን ሥርዓት የተመሠረተበት ጉባኤ በቺካጎ ሲካሄድ፣ ኢትዮጵያ ከተገኙት ጥቂት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዓመቱ ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። አየር መንገዱ የተቋቋመው ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ስለ ነበር የአብራሪዎቹ ክፍል ቋንቋ ከጅምሩ እንግሊዝኛ ሆነ። ኢትዮጵያዊ አብራሪና ኢትዮጵያዊ ተቆጣጣሪ ቦታውን በተረከቡ ጊዜም ሁለቱም በሁለተኛ ቋንቋቸው መነጋገርን ወረሱ።

ፊደላትን በስም መጥራትም በዚያው ዘመን የተሠራ ነው። በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን መምህር የነበሩት ዣን ፖል ቪናይ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሁሉ ሊጠሯቸው የሚችሉ ቃላትን መረጡ፤ ዝርዝሩ በ1951 ሥራ ላይ ውሎ፣ ተሻሽሎም በ1956 ዛሬ የሚታወቀውን መልክ ያዘ። «ጁሊየት» በመጨረሻዋ ላይ ሁለት «ት» እንድትጻፍ የተደረገው ፈረንሳዮች ብቸኛዋን «ት» ውጠው እንዳያስቀሯት ተብሎ ነው። የግዕዝ ፊደል የተጻፈውን ሁሉ ስለሚያስነብብ ይህን ጭንቀት አያውቅም። ቁጥሮችም ቢሆኑ ታርመዋል። «ናይን» ከ«ፋይቭ» ጋር በጫጫታ ውስጥ ስለሚምታታ «ናይነር» ተባለ። «ፋይቭ»ም «ፋይፍ» ሆነ። ከሁሉም በላይ ቁጥር በጅምላ መጠራቱ ቀርቶ አኃዝ በአኃዝ እንዲነገር ተደነገገ፤ አሥራ አምስትና አምሳ በእንግሊዝኛ ለጆሮ መንትያ ናቸውና።

መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በተነሪፌ

የሬዲዮ ንግግር ሕግ ሁሉ ከአንድ ቀን በፊትና ከአንድ ቀን በኋላ ተብሎ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ቀኑ መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977) ይሆን ነበር። በስፔን የካናሪ ደሴቶች በላስ ፓልማስ አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ ፈንድቶ ብዙ አውሮፕላኖች በአጎራባቿ ደሴት በተነሪፌ ወደሚገኘው ወደ ሎስ ሮዴዎስ እንዲያርፉ ታዘዙ። ማረፊያው አነስተኛ፣ ማኮብኮቢያውም አንድ ብቻ ነበር። ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ የሚወስደው ጎንዮሽ መንገድ በቆሙ አውሮፕላኖች ስለ ተዘጋ፣ የሚነሣ አውሮፕላን በራሱ በማኮብኮቢያው ላይ ወደ ኋላ ተጉዞ ጫፉ ላይ መዞር ነበረበት። በዚህ መካከል ደመና ወርዶ ማኮብኮቢያውን ሸፈነው። ተቆጣጣሪዎቹ አውሮፕላኖቹን ማየት አልቻሉም፤ የምድር ራዳርም አልነበራቸውም። ሦስቱ ወገኖች፣ ማማው፣ የኔዘርላንዱ ኬ.ኤል.ኤም. እና የአሜሪካው ፓን አም፣ እርስ በርስ የሚተያዩት በጆሯቸው ብቻ ነበር።

የኬ.ኤል.ኤም. ቦይንግ 747 በማኮብኮቢያው ጫፍ ዞሮ ቆመ። ከበስተኋላው ተከትሎ በዚያው ማኮብኮቢያ ላይ የሚጓዘው የፓን አም 747 በሦስተኛው መውጫ እንዲታጠፍ ተነግሮት ነበር። «አንደኛው ነው ሦስተኛው?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ተቆጣጣሪው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሦስተኛው» ብሎ ቆጥሮ እስኪነግር ድረስ ግልጽ አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ አውሮፕላኑ መውጫውን አልፎት ሄደ።

የኬ.ኤል.ኤም. ዋና አብራሪ ያኮብ ፌልድሁይዘን ፋን ዛንተን የድርጅታቸው የ747 አሠልጣኞች ኃላፊ ነበሩ፤ ፎቶግራፋቸው በአየር መንገዱ ማስታወቂያ ላይ ይታይ ነበር። የሠራተኞች የሥራ ሰዓት ገደብ እየተቃረበ ነበርና ቸኩለዋል። ረዳታቸው ሁለት ነገሮችን በአንድ ዓረፍተ ነገር አከታትለው ጠየቁ፤ የመነሻ ፈቃድና ከተነሡ በኋላ የሚከተሉትን መስመር። ተቆጣጣሪው የመለሰው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ይሁንና በመልሱ ውስጥ «ከተነሣችሁ በኋላ ወደ ቀኝ» የሚል ሐረግ ስለ ነበር «መነሣት» የሚለው ቃል ያለ ፈቃድ በአየር ላይ ዋለ። ረዳቱ መልሰው ሲደግሙ ዋና አብራሪው ፍሬኑን ለቀዋል። ረዳቱ በመጨረሻ «አሁን መነሻ ላይ ነን» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመሩ። በሆላንድኛ አስተሳሰብ «እየተነሣን ነው» ማለት ሊሆን ይችላል፤ በማማው ጆሮ ግን «ለመነሣት ተዘጋጅተን ቆመናል» ነው።

ተቆጣጣሪው የመለሰው የመጀመሪያ ቃል «ኦኬ» የሚል ነበር። ጥቂት ጸጥ ብሎ «ለመነሣት ጠብቁ፤ እጠራችኋለሁ» አለ። በዚያችው ቅጽበት የፓን አም ሠራተኞች በጉዳዩ ሰግተው «እኛ ገና በማኮብኮቢያው ላይ ነን» ሲሉ ተናገሩ። የአውሮፕላን ሬዲዮ ሁለት ሰዎች በአንድ ሞገድ በአንድ ጊዜ ቢናገሩበት አንዱንም አጥርቶ አያሰማም፤ ሁለቱ ተጋጭተው ፉጨት ይሆናሉ። ስለዚህ በኬ.ኤል.ኤም. አብራሪዎች ጆሮ የደረሰው «ኦኬ» የምትለዋ ቃልና ከእርሷ ቀጥሎ ሦስት ሰከንድ ያህል የቆየ ፉጨት ነው። ሁለቱም ሕይወት አዳኝ ዓረፍተ ነገሮች በፉጨቱ ውስጥ ቀሩ።

አንድ ዕድል ደግሞ ነበረ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ማማው ፓን አምን «ከማኮብኮቢያው ስትወጡ አሳውቁ» ሲል፣ ፓን አምም «ስንወጣ እናሳውቃለን» ሲል በኬ.ኤል.ኤም. ውስጥ ተሰማ። ከኋላ የተቀመጡት የበረራ መሐንዲስ «ያ ፓን አሜሪካን አልወጣም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ዋና አብራሪው «ወጥቷል እንጂ» ሲሉ በእርግጠኝነት መለሱ። መሐንዲሱ ዳግመኛ አልጠየቁም። ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁለቱ አውሮፕላኖች ተላተሙ። በኬ.ኤል.ኤም. ውስጥ የነበሩት 248 ሰዎች በሙሉ፣ በፓን አም ውስጥ 335 ሰዎች፣ በጠቅላላው 583 ሰዎች ሞቱ፤ 61 ተረፉ። በአቪዬሽን ታሪክ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በአንድ የአውሮፕላኖች ግጭት ይህን ያህል ሰው አልሞተም።

የስፔን መርማሪዎች ዋና አብራሪው ያለ ፈቃድ መነሣታቸውን ቀዳሚ ምክንያት አደረጉ፤ የኔዘርላንድ ባለሙያዎች ደግሞ የእርስ በርስ አለመግባባቱን የበለጠ ክብደት ሰጡት። ሕክምናን ለሚያውቅ አንባቢ ክርክሩ እንግዳ አይደለም። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስሕተት በደረሰ ቁጥር የሚነሣው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ሰውየው ወይስ ሥርዓቱ?

ከአደጋው በኋላ የተደረገው ማስተካከያ ቀላል ይመስላል። «መነሣት» የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር እንዳይነገር ተደረገ፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ «ጉዞ መጀመር» በሚል ሌላ ቃል ይጠራል። ማኮብኮቢያን የሚመለከት ትእዛዝ ሁሉ በተቀባዩ ቃል በቃል መደገም አለበት፤ ተቆጣጣሪውም የተደገመውን ሰምቶ ስሕተት ካለው የማረም ግዴታ አለበት። «ኦኬ» ደግሞ እንደ እኛው «እሺ» ብዙ ትርጉም ስላለው ሥራው ለብዙ ቃላት ተከፋፈለ። «ሮጀር» ማለት «ያልኸውን ሁሉ ሰምቻለሁ» ብቻ ነው፤ መስማማትን አያመለክትም። «ዊልኮ» ማለት «ሰምቻለሁ፤ እፈጽማለሁም» ነው። «አፈርም» አዎ፣ «ኔጋቲቭ» አይደለም ነው። ያልተሰማው ሲኖር «ድገምልኝ» ለማለትም የተወሰነ አነጋገር አለ፤ ማስደገም እንደ ነውር አይቆጠርም።

የመሐንዲሱ ዝምታ ግን በቃላት ምርጫ አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካው ናሳ በጠራው ጉባኤ የበታች ሠራተኛ እንዴት ደፍሮ እንደሚናገር፣ አለቃውም እንዴት እንደሚሰማ ማሠልጠን ተጀመረ። ይህ ሥልጠና በሕክምና ክፍሎች የደረሰው ዘግይቶ ነው። «ዶክተር፣ ይቅርታ…» ብሎ የጀመረ ነርስ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የቀረበት ሌሊት በየትኛው ሆስፒታል እንዳልነበረ መናገር ይቸግራል።

ጨዋነትና ዝምታ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ ወደ ኒውዮርክ ይበርር የነበረው የአቪያንካ 52 አውሮፕላን በአየር ላይ ለረጅም ጊዜ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነዳጁ አለቀና ወደቀ፤ 73 ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናግረዋል፤ ቅድሚያም ጠይቀዋል። «ሜይዴይ» ወይም «ድንገተኛ አደጋ» የሚለውን ቃል ግን አልተናገሩም። ተቆጣጣሪውን የሚያስነሣው ቁልፍ ቃል ያው ነበር። «ሕመምተኛዋ ትንሽ ደከም ብላለች» የሚለው የጨዋ አማርኛ የደም ግፊቷ ስልሳ በሠላሳ ለሆነ እናት ሲነገር የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከዚያ በፊት፣ በዲሴምበር 1974፣ በዋሽንግተን አቅራቢያ የቲ.ደብልዩ.ኤ. በረራ 514 አብራሪዎች «ለማረፍ መቃረብ ተፈቅዶላችኋል» የተባለውን ዝቅ ማለትም እንደ ተፈቀደ ቆጥረው ከተራራ ጋር ተላትመው 92 ሰዎች ሞቱ። አሳዛኙ ነገር፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የሌላ አየር መንገድ ሠራተኞች በዚያው ቦታ በዚያው አነጋገር ተሳስተው ለጥቂት መትረፋቸውና ወሬው ከድርጅታቸው ቅጥር ግቢ አለመውጣቱ ነው። ከዚህ በኋላ በ1976 ለጥቂት የተረፉ ስሕተቶችን ያለ ቅጣት የሚቀበል የሪፖርት ማእከል በናሳ አስተዳደር ተቋቋመ።

ቀኝና ግራም አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2000 በታይፔ የሲንጋፖር አየር መንገድ በረራ 006 አብራሪዎች በ«05 ግራ» እንዲነሡ ተፈቅዶላቸው፣ ፈቃዱን በትክክል ከደገሙ በኋላ፣ ለጥገና በተዘጋው በ«05 ቀኝ» ተነሥተው ከግንባታ መሣሪያዎች ጋር ተጋጩ፤ 83 ሰዎች ሞቱ። የአዲስ አበባው ቦሌም ሁለት ትይዩ ማኮብኮቢያዎች አሉት፤ ከአንድ አቅጣጫ «07 ግራ» እና «07 ቀኝ»፣ ከሌላው «25 ግራ» እና «25 ቀኝ» ይባላሉ። የቀኝ ኩላሊት ሊወጣለት የተኛን ሰው ግራ ጎኑን የሚያጥብ እጅ የሚሳሳተው በዚሁ መንገድ ነው። ቃሉ ትክክል ሆኖ ዓይን ሌላ ቦታ ያርፋል።

ከአዲስ አበባ የተነሡ በረራዎች

የኢትዮጵያ አቪዬሽን ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያስተምራቸው ሦስት የቅርብ ዓመታት ጉዳዮች አሉ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2021 ከአዲስ አበባ ወደ ዛምቢያ ንዶላ የሄደ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት ቦይንግ 737 ገና በግንባታ ላይ በነበረው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ አረፈ። የዛምቢያ የትራንስፖርት ባለሥልጣናት እንደ ገለጹት፣ አብራሪው ሊያርፉ ሲሉ ተቆጣጣሪዎቹ «አናይህም» ብለዋቸው ነበር። ሁለቱም ወገኖች በሬዲዮ በትክክል እየተነጋገሩ ስለ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያወሩ ነበር ማለት ነው። የደረሰ ጉዳት አልነበረም። «አናይህም» የሚለው ቃል በራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በስልክ ውጤት የሚጠይቅ ሐኪም «በዚህ ስም የተመዘገበ የለም» ሲባል እንደሚገባው ማለት ነው።

ሁለተኛው ከቃላት ይልቅ ስለ ዝምታ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2022 ከካርቱም የመጣው በረራ 343 በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ወደ ቦሌ ዝቅ ማለት ሲገባው ቀጥ ብሎ አለፈ። የአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጠሩም የሚመልስ አልነበረም። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደ ነበር ተዘገበ፤ አውሮፕላኑ በራሱ ማብረሪያ እየተመራ «25 ግራ»ን ካለፈ በኋላ ማብረሪያው ሲቋረጥ ማንቂያው ጮኸና ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ በሰላም አረፈ። አየር መንገዱ ሠራተኞቹን ከሥራ አግዶ ምርመራ ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ፣ ቀኑንም ቀዶ ሕክምና ሲሠራ የሚውል የሕክምና ሠራተኛ ይህን ዜና ሲያነብ በአብራሪዎቹ ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም። አብራሪዎች የሥራ ሰዓት ገደብ በሕግ የተደነገገላቸው ናቸው፤ የሚያንቀላፋን አብራሪ የሚያነቃ ማንቂያም አላቸው።

ሦስተኛው በ2024 በሶማሊያና በሶማሊላንድ ሰማይ ላይ የሆነው ነው። የሞቃዲሾና የሐርጌሳ ተቆጣጣሪዎች በአየር ክልሉ ባለቤትነት ሲከራከሩ፣ በዚያ የሚያልፉ የኢትዮጵያና የሌሎች አገሮች አብራሪዎች በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት የሚቃረኑ ትእዛዞችን ይሰሙ ነበር፤ ስለ ከፍታም ጭምር። እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ግልጽና ሕጉን የጠበቀ ሊሆን ይችላል። አንዲት ነርስ ከቀዶ ሐኪሙና ከውስጥ ደዌ ሐኪሙ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ሁለት የፈሳሽ ትእዛዝ ስትቀበል የምትገባበት ጭንቅ ይህ ነው። መፍትሔውም ከንግግር ችሎታ በላይ ነው፤ ማን እንደሚያዝ አስቀድሞ መወሰን ይጠይቃል።

ወደ ሕክምና ሲሻገር

በሕክምና የቃል ትእዛዝን ጽፎ መልሶ ማንበብ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዚያው ዘመን የካይዘር ፐርማነንቴ ባለሙያዎች ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ወስደው፣ ሁኔታውን፣ የኋላ ታሪኩን፣ ግምገማንና የሚጠየቀውን ነገር በቅደም ተከተል የመናገር ሥርዓት አስገቡ። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ዝርዝር በ2008 ወጣ፤ በስምንት ከተሞች ተፈትኖ የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዱ በ2009 ታተመ። በኢትዮጵያም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 የጀመረው የደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምና ፕሮግራም ዝርዝሩን ወደ ክፍሎቹ ይዞ ገባ።

ነገር ግን ከውጭ የመጣ ሥርዓት የአገሩን አደጋ ሁሉ አያውቅም። የአማርኛ ቁጥሮችን በተቆራረጠ የስልክ መስመር ማዳመጥ በቂ ነው። ስድስትና ስድሳ፣ ሰባትና ሰባ፣ ስምንትና ሰማንያ፣ ዘጠኝና ዘጠና፤ ልዩነቱ የቃሉ ጫፍ ብቻ ሲሆን የመድኃኒቱ መጠን ግን አሥር እጥፍ ነው። በአርሲ በሰፊው የሚነገረው አፋን ኦሮሞም ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም፤ «ሸን» አምስት፣ «ሸንተማ» አምሳ ነው። አንድ ሕመምተኛ በአፋን ኦሮሞ ታሪኩን ይናገራል፤ ካርዱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ሪፈራሉ በአማርኛ ይደወላል። እንደ አቪዬሽን አንድ ቋንቋ ብቻ ይኑር ማለት ለሕክምና አይበጅም፤ የሕመምተኛው ቋንቋ የሕመምተኛው ነው። በየትኛውም ቋንቋ «ሰባት፣ ዜሮ» ብሎ አኃዝ በአኃዝ መናገር ግን የሚከለክል ነገር የለም።

ሰዓትም አለ፤ ምናልባት ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። አቪዬሽን በዓለም ዙሪያ በአንድ ሰዓት ይሠራል፤ አዲስ አበባም ሆነ ቶኪዮ ያለ አብራሪ ለበረራ የሚጽፈው ሰዓት አንድ ነው። በኢትዮጵያ የጤና ተቋም ውስጥ «በሦስት ሰዓት ተሰጥቷል» ማለት ጠዋት ወይም ማታ ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ «3» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ለአንባቢው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በየአራት ሰዓቱ ለሚሰጥ መድኃኒት የስድስት ሰዓት ስሕተት ትልቅ ነው።

የአቦምሳዋ እናት መድኃኒት ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ይዟል። በተለመደው አሰጣጥ መጀመሪያ 4 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት በሃያ በመቶ ተበርዞ በደም ሥር በዝግታ ይሰጣል፤ ወዲያው ከአምሳ በመቶው 5 ግራም በእያንዳንዱ መቀመጫ ጡንቻ ይወጋል፤ ከዚያ በየአራት ሰዓቱ 5 ግራም ይቀጥላል። ሁለት መንገድ፣ ሁለት ውፍረት፣ ሦስት መጠንና አንድ ሰዓት ማለት ነው። «ማግኒዥየም ተሰጥቷታል» ከእነዚህ አንዱንም አይነግርም። እንደ ማማው ቋንቋ ቢሆን ነርሷ «አራት ግራም፣ ሃያ በመቶ፣ በደም ሥር፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከአሥር፤ በጡንቻ አልተሰጠም» ትላለች፤ ሐኪሙም እየጻፈ «አራት ግራም በደም ሥር፣ ከሌሊቱ ሰባት ከአሥር፣ በጡንቻ አልተሰጠም» ብሎ ይመልሳል፤ እርሷም «ልክ ነው» ብላ ትዘጋለች። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ግልጽ ንግግር ሁሉን አያድንም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው በረራ 302 አብራሪዎች የመቆጣጠሪያ ችግር እንዳጋጠማቸው ለማማው ተናግረዋል፤ ለመመለስ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የ157 ሰዎችን ሕይወት የነጠቀው አደጋ ምንጩ በቦይንግ 737 ማክስ ውስጥ የነበረው ሥርዓት ነው፤ በንግግራቸው ላይ የሚነቀፍ አልነበረም።

በቶኪዮ ሃኔዳ ማረፊያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 የሆነው ደግሞ ትእዛዝን በትክክል መድገምም ብቻውን እንደማይበቃ አሳየ። ለመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች ርዳታ ለማድረስ የተዘጋጀ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አውሮፕላን «ቁጥር አንድ ናችሁ፤ እስከ መቆሚያው ቀጥሉ» ተባለ። አብራሪዎቹ ይህንኑ ቃል በቃል ደገሙ። «ቁጥር አንድ» በተራ ቅደም ተከተል ማለት ሲሆን ዋና አብራሪው ግን ለርዳታው ሲባል ቅድሚያ እንደ ተሰጣቸው ተረድተው ወደ ማኮብኮቢያው ገቡ። የሚያርፍ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ገጫቸው። በኤርባሱ ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ሁሉ ወጡ፤ በትንሹ አውሮፕላን ውስጥ ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። ጃፓን «ቁጥር አንድ» የሚለውን አነጋገር ለጊዜው ከለከለች፤ በዓመቱ አጋማሽ ካለፈ በኋላ መልሳ ፈቀደችው። ከአደጋው በኋላ የተወሰደው ሌላው እርምጃ የማኮብኮቢያውን መቆጣጠሪያ ስክሪን ያለ ማቋረጥ እንዲያይ የተመደበው ሰው ነበር።

በወሊድ ክፍል የዚህ ሰው ሥራ በመዶሻ ይሠራል። ከአቦምሳ የተነሣችው እናት አሰላ ስትደርስ፣ በስልክ የተባለው ምንም ይሁን ምን፣ ቀጣዩ ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት ጉልበቷ በመዶሻ ይመታል፤ ምላሹ መኖሩ፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ ሽንቷም በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር መድረሱ ይታያል፤ ካልሲየም ግሉኮኔቱም ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣል።